ድፎ ዳቦ ይዛ መጥታ አመሰገነችኝ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ፣

ከደሴ ነው የምጽፍልዎት። ሁለት ወንድ ልጆች አሉኝ። ሴት ልጅ የለኝም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ከጥቂት ወራት በፊት ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ የድምፅ መልእክት ለቀቀች። ዶክተር ነኝ የሚል ሰው ነው። ድምፁ የተረጋጋ፣ አማርኛው ጥርት ያለ። በትምህርት ቤት ለሴት ልጆች የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር ክትባት መሃን ያደርጋል፣ ለፈረንጅ ልጆች አይሰጥም፣ ዘራችንን ለመቀነስ ነው ይላል። መጨረሻው ላይ «ሳይጠፋ ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ» አለ። እኔም አደረስኩ። የሰፈራችን እናቶች ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ማታውን አንዷ ደግሞ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ተዝለፍልፈው ሲወድቁ የሚያሳይ ቪዲዮ ጨመረችበት። በቃ፣ ሰፈሩ ታመሰ።

ጎረቤቴ 13 ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት። ክትባቱ በሚሰጥበት ቀን ልጅቷን ከቤት አስቀረቻት። በሦስተኛው ቀን ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። «ልጄን አዳንሽልኝ፣ እግዚአብሔር ብድርሽን ይክፈልሽ» አለችኝ። ደስ አለኝ እትዬ፤ አልዋሽም።

በቀደም ትንሹን ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ነርሷን እግረ መንገዴን ጠየቅኋት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። ክትባቱ አሜሪካም ይሰጣል አለችኝ። ቤት ገብቼ መልእክቱን ደግሜ ሰማሁት። ሰውየው ስሙን አይናገርም። የት እንደሚሠራም አይናገርም። ያን ቀን ይህን እንዴት ሳላስተውል ቀረሁ?

ጎረቤቴ ባገኘችኝ ቁጥር ታመሰግነኛለች። ልንገራት? ብነግራት ትቀየመኛለች፤ ሰፈሩም ወሬኛ ይለኛል። ዝም ብል እንቅልፍ አጣሁ።

ወሬ አቀባይዋ

*

እህቴ፣

ንገሪያት። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ጥያቄ ታበዛብሻለች።

ነርሷ ልክ ናት። አሜሪካ ክትባቱን የፈቀደችው በ2006 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። እዚያ በ11 ወይም በ12 ዓመት እንዲሰጥ ይመከራል፤ ለሴትም ለወንድም። አውስትራሊያ በ2007 በትምህርት ቤት መስጠት ጀመረች። እኛ የጀመርነው በ2018 መጨረሻ፣ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች ነው። ፈረንጆቹ ልጆቻቸውን ከእኛ 12 ዓመት ቀድመው ከተቡ ማለት ነው። መቆጣት ካለብን በመዘግየታችን ነው።

«ታዲያ ለምን ለሴት ብቻ?» ትልሻለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። የማህፀን በር ያላት ሴት ናት፤ ክትባቱም ለሁሉም የሚበቃ ስላልሆነ ለእሷ ቅድሚያ ተሰጠ። ክትባቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም፤ ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው በተከተቡት ላይ ይህ ካንሰር በ87 በመቶ ቀንሷል። በ2007 በ12 ዓመቷ የተከተበች አውስትራሊያዊት ዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ እኩዮቿ እየወለዱ ነው። ማህፀን የሚያሳጣው ራሱ ካንሰሩ ነው። ማህፀን ይወጣል፣ ወይም በጨረር ሕክምና ይጎዳል። ይህን ሳትነግሪያት እንዳትወጪ።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ የዚህ ዓይነቱ ነገር የቆየ ታሪክ አለው። በ2014 ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ኤል ካርመን ደ ቦሊቫር በምትባል ከተማ፣ የተከተቡ ልጃገረዶች ተራ በተራ ወደቁ። አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ አየች፤ በስልክ የተቀረጸውን ደግሞ አገሩ ሁሉ አየ። ብዙ መቶ ልጆች ሐኪም ቤት ገቡ። ተመረመረ፤ ክትባቱ ያመጣው በሽታ አልተገኘም። ድንጋጤ ነበር፣ ድንጋጤም እውነተኛ ሕመም ነው። ግን በ2016 በአገሪቱ መከተብ ከነበረባቸው ልጃገረዶች የመጀመሪያውን ዶዝ የወሰዱት 14 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኑ። መርፌ ፈርቶ መዝለፍለፍ በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል። ስለዚህ ልጅቷ ቁርሷን በልታ ትሂድ፣ ከተከተበች በኋላም 15 ደቂቃ ትቀመጥ። ክንዷን ያማታል፤ ራስ ምታትም ሊኖር ይችላል። ይህን አትደብቂያት።

ወሬው ራሱ አዲስ አይደለም። በ2003 ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ የፖሊዮ ክትባት መሃን ያደርጋል ተብሎ በካኖ ቆመ፤ ቫይረሱ ሱዳንን አልፎ እኛም ዘንድ ደረሰ። በ2014 ኬንያ ውስጥ በመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ላይ ይኸው ተባለ። ልዩነቱ ዛሬ ወሬው የምናውቀውን ሰው ስም ለብሶ ነው የሚመጣው። ጎረቤትሽ ዶክተር ነኝ ባዩን አታውቀውም። አንቺን ግን ታውቅሻለች፤ ስትወልድ ገንፎ አገንፍተሽላት ይሆናል። ለዚህ ነው የጤና ቢሮ መግለጫ ያንቺን ያህል የማይሠራው። ለዚህም ነው ሌላ ሰው እንዲነግርልሽ መላክ የማይሆነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ በዪ። መጀመሪያ እሷን ለብቻ። በግሩፑ ከሰው እኩል ከሰማች እውነትም ትቀየምሻለች። ቡና አፍዪና ጥሪያት። አቦሉን በሰላም ጠጡ፤ ቶናው ላይ ንገሪያት፤ በረካው እስኪደርስ ተቆጥታ ትበርዳለች። «ምናልባት ተሳስቼ ከሆነ» ብለሽ አታለስልሺው። «ሳላጣራ ላክሁልሽ፣ ውሸት ነበር፣ ጤና ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ» በዪ። ልጅቷ ገና 13 ዓመቷ ነው፤ አልረፈደባትም፣ ግን አትዘግዩ።

ከዚያ ወደ ግሩፑ። የለጠፍሽውን ለሁሉም እንዲጠፋ አድርገሽ ሰርዢው፤ ሌሎች ያስተላለፉት ግን አይጠፋም። ስለዚህ አንቺም በድምፅሽ ላኪ። አጭር ይሁን። የሰውየውን ወሬ አትድገሚው፤ ነርሷ ያለችሽን ብቻ ተናገሪ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነም ጥቀሺ። ወሬኛ የሚልሽ አይጠፋም፤ ይበል።

የአክስትሽን ልጅ በቤተሰቡ ፊት አታሳፍሪያት። ለብቻዋ ደውዪላት። ሴት ልጅ ካለቻት ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠይቂያት። 11 ከሞላት ሐኪሟ ይህንኑ ክትባት ሳያነሣላት አይቀርም።