ከሚደርሰኝ ሎተሪ አሥራት ባወጣስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አንድ የልብ ጓደኛ አለኝ፤ ሥራው የሎተሪ ዕጣ በሚያወጣው ኮምፒውተር ላይ ነው። "የሚወጣውን ቁጥር አስቀድሜ ማወቅ እችላለሁ፤ አንተ ትኬቱን ቁረጥና ገንዘቡን ተቀበል፣ እኩል እንካፈላለን" አለኝ። የማንንም ኪስ አንነካም፣ ገንዘቡ እንደሆነ የድርጅት ነው። አሥራቱንም ለቤተ ክርስቲያን አወጣለሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል? እምቢ ካልኩስ ጓደኛዬን ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳትሠራው መጠየቅህ ደግ ነው። ብዙ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። አዎ፣ ኃጢአት ነው። ስርቆት ነው፣ ውሸትም አለበት።

"የማንንም ኪስ አንነካም" ያልከው ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ሽልማቱ እኮ ትኬት ከቆረጡ ሰዎች የተሰበሰበ ነው። ከ49 ቁጥሮች ስድስቱን ገምት በሚባልበት ሎተሪ አንድ ትኬት የማሸነፍ ዕድሉ ከ13,983,816 አንድ ነው። ሰው ይህን እያወቀ የሚቆርጠው ቢያንስ ዕድሉ ለሁሉም እኩል ጠባብ ነው ብሎ ነው። (ሎተሪ መቁረጡ ራሱ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እኔ ባትቆርጥ እመርጣለሁ፤ ዛሬ ግን አላነሳውም።)

በኢያሱ ዘመን የነበረው እስራኤላዊው አካንም ማንንም የነካ አልመሰለውም ይሆናል። እንዳይነካ ከተከለከለው የኢያሪኮ ምርኮ አንድ ካባ፣ 200 ሰቅል ብርና 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ ወስዶ ድንኳኑ ውስጥ ቀበረ። በዚያ ጦስ ጋይ በምትባል ከተማ በተደረገው ውጊያ 36 ሰዎች ወደቁ፤ አንዳቸውም ወርቁን አላዩትም። ታዲያ ሌባውን ያጋለጠው ምን መሰለህ? ዕጣ ነው! ከነገድ ወደ ወገን፣ ከወገን ወደ ቤት እያለ መጥቶ እሱው ላይ ወደቀ። በይሁዳ ቦታ ማትያስ የተተካውም በዕጣ ነው፤ ከሐዋርያት አንዱ አስቀድሞ ነገሩን አመቻችቶት ቢሆን ኖሮ ዕጣ መጣላቸው ምን ትርጉም ይኖረው ነበር?

የጓደኛህ ሐሳብም አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የበርካታ ግዛቶችን ሎተሪ በሚያንቀሳቅስ ማኅበር የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ የነበረ ሰው ዕጣ በሚያወጣው ሶፍትዌር ውስጥ ኮድ ደብቆ ነበር፤ በተወሰኑ ቀኖች የሚወጡትን ቁጥሮች መገመት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አይዋ ግዛት ውስጥ የቆረጠው ትኬት ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰው። መቀበሉ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ዓመት ሊሞላው ሲል በጠበቃ በኩል፣ የባለቤቱ ስም ሳይነገር፣ ክፈሉን ተባለ፤ ሎተሪው ደግሞ ማን እንደቆረጠው ካላወቅሁ አልከፍልም አለ። የሱቁ ካሜራ ሰውዬውን ቀርጾት ኖሮ ቪዲዮው ሲወጣ የሚያውቁት ሰዎች ለዩት። በ2017 እስከ 25 ዓመት የሚደርስ እስራት ተፈረደበት። በሌሎች ግዛቶች ሽልማት ሲቀበሉ የነበሩት ወንድሙና ጓደኛውም ከቅጣት አላመለጡም። ልብ በል፣ ላንተ የተዘጋጀው ቦታ የእነዚህ የሁለቱ ነው።

አሥራቱን በተመለከተ፣ ዘዳግም 23 ላይ በነውር የተገኘ ዋጋ ለስለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ተከልክሏል። ቤተ ክርስቲያንን የገንዘብ ማጠቢያ አታድርጋት። ዘኬዎስን ታስታውሳለህ? በሐሰት የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የቀማውን ሰው ያውቀዋል፣ ደጃፉ ድረስ ሄዶ መመለስ ይችላል። አንተስ? ትኬት የቆረጡት ስንት ሺህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ በምን ታውቃለህ? ነገ ልብህ ተመልሶ ንስሐ ብትገባ እንኳ ለማን ልመልስ እያልክ ትኖራለህ። እኔን ከእስር ቤቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ለጓደኛህ በቀጥታ "አልገባበትም" በለው። "እስቲ ላስብበት" አትበል፤ ያቺ ቃል በር ትከፍታለች። ቁጥሩንም እንዳይነግርህ ለምነው፤ አንዴ ከሰማኸው እንቅልፍ ይነሳሃል። ስድብና ስብከት አታብዛበት፣ እንዲተወው ግን እንደ ወንድም ንገረው። በአንተ ቦታ ሌላ ሰው እየፈለገ መሆኑን ካየህ ዝም ማለትህ ተባባሪ ያደርግሃልና ለማን መነገር እንዳለበት ከንስሐ አባትህ ጋር ዛሬ ነገ ሳትል ተመካከር።