ቡችሎቹ የት ሊገቡ ነው?

ሰላም ውድ አንባቢዎቼ። በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። የሚበዛው ስለ ውሻ ነው። ሁሉንም ማንሣት ስለማልችል አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረጅም መልስ ይፈልጋል፣ ታገሡኝ።

ከኮምቦልቻ፣ የ23 ዓመት ወጣት

«ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? አሥር ወር የሞላት ጀርመን ሼፐርድ አለችኝ። ሎዛ እላታለሁ። ሰሞኑን ደም ማሳየት ጀምራለች። ወንድሟ ጓደኛዬ ቤት ነው፤ የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው። ጓደኛዬ ‹ዘራቸው ንጹሕ ስለሆነ እናገናኛቸውና ቡችሎቹን እንሸጣለን› ይለኛል። አንዴ ካልወለደች ትታመማለች የሚሉኝም አሉ። ገዢ ያጡትን ቡችሎች አያቴ አገር፣ ቦረና ሳይንት እልካቸዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ልጄ፣ አታገናኛቸው። አሁንም፣ ወደፊትም።

ሎዛ ገና ልጅ ናት። ደም ማሳየቷ ሰውነቷ ለእናትነት ደርሷል ማለት አይደለም። አጥንቷ እያደገ ነው። የምትበላው ለራሷም አልበቃ እያለ ለስምንት ቡችላ አጥንትና ወተት ታዋጣ ማለት ይከብዳል። ጀርመን ሼፐርድ ደግሞ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሙላት።

አሁን የሚያስቸኩልህ ሌላ ነገር ነው። ደሙ ከታየበት ቀን ጀምረህ ሦስት ሳምንት ያህል ከግቢ አታውጣት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደሙ ሲቀንስ አለቀ ብሎ ይለቃታል። ወንድ የምትቀበለው ግን ያኔ ነው። አጥርህ ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ድንጋይ ደርድርበት፣ ወንድ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆፍር ያድራል። ከአንድ በላይ ወንድ ካገኛት ደግሞ በአንድ ወሊድ የተለያየ አባት ያላቸው ቡችሎች ልትወልድ ትችላለች።

«ካልወለደች ትታመማለች» የሚለውን እርሳው። ውሻ ለጤናዋ ብላ መውለድ አያስፈልጋትም። እንዲያውም ልትወልድ የማትፈልጋት ከሆነ በቀዶ ሕክምና ማምከን ይሻላል። ያልመከነች ውሻ ዕድሜዋ ሲገፋ ማሕፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል። የጡት እባጭም ያሰጋታል። ቀዶ ሕክምናውን ሁሉም ክሊኒክ አይሠራውም። ስለዚህ ቀድመህ ጠይቅ፣ ቀጠሮ ያዝ።

አሁን ወደ ወንድሟ ልምጣ። ወንድምና እህት ማገናኘት ዘር አያጠራም። በእናትና በአባት በኩል ተደብቆ የኖረውን ሕመም ቡችላው ላይ አንድ ላይ ያወጣዋል እንጂ። በጀርመን ሼፐርድ የታወቀው ሕመም የዳሌ ነው። የጭኑ አጥንት ራስ በጎድጓዳው ውስጥ በደንብ አይገጥምም። ውሻው ከተኛበት ሲነሣ ከኋላው ይንገዳገዳል። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ያነሣል። ቡችላ ሳለ ምንም ላይታይበት ይችላል። ለዚህ ነው ሎዛ ሁለት ዓመት ሲሞላት ዳሌዋ ራጅ ይነሣ የምልህ። ራጅ ካላገኘህ እናትና አባቷን ሄደህ እይ። ሲሄዱ እይ፣ ሲነሡ እይ። እንግዳ ሲገባ ምን እንደሚያደርጉም እይ። ይህ ዘር በ1899 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ መመዝገብ ሲጀምር የሚፈለገው ለበግ ጥበቃ ነበር። የሚመረጠውም ሰው የሚሰማና የሚረጋጋ ውሻ ነበር። ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ አባት «ኃይለኛ ነው» ተብሎ መመረጥ የለበትም።

አንድ ነገር ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ደንበኛ አባትና ልጅ ውሾችን ላገናኝ ሲለኝ ዝም አልኩት። የእኔ ጉዳይ አይደለም ብዬ ነው። ሰባት ተወለዱ። ሁለቱ በሳምንት ውስጥ ሞቱ። ሁለቱ ሰው አገኙ። ሦስቱ ሰው አላገኙም፤ አንድ ቀን ማለዳ በካርቶን ሆነው መንገድ ዳር ተጣሉ። ከወራት በኋላ አንዷን ፒያሳ አየኋት። በግንባሯ ነጭ ነጥብ ነው ያወቅኋት። የኋላ እግሯን ትጎትት ነበር። አሁንም በዚያ መንገድ ሳልፍ ዓይኔ ይፈልጋታል። ከዚያ ወዲህ ላዳቅል ብሎ የሚመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቡችሎቹ የት ሊገቡ ነው?

አንተም እሱን መልስልኝ። እርግዝናው ወደ 63 ቀን ነው። ከዚያ ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው ከእናታቸው አይለዩም። በእነዚህ ሳምንታት ነው ከእናታቸውና ከወንድም እህቶቻቸው ንክሻን መቆጠብ የሚማሩት፤ ሰውም የሚለምዱት። ቡችሎቹ ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው የሆድ ትል መድኃኒት ይጀምራሉ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል የተቅማጥ በሽታ ክትባት ይጀመርላቸዋል። ይህ ሁሉ በአንተ ወጪ ነው። ትርፉን ከማስላትህ በፊት ወረቀት አንሣና ስምንት ሰው ጻፍ። በስም፣ በሰፈር፣ ግቢ አለው የለውም ብለህ። ስምንት ካልሞላልህ ተወው። ሞልቶልህ ብትሸጥም ገዢው አልቻልኩም ሲልህ ቡችላህን መልሰህ ለመቀበል ተዘጋጅ።

ቦረና ሳይንት መላኩን ግን አደራህን አታድርገው። አያትህ አገር ደጋው ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የቀሩትም ከ500 ብዙ አይበልጡም። ከትልልቅ ጠላቶቹ አንዱ ደግሞ ከውሻ የሚጋባበት በሽታ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷቸዋል። ክትባት ያልወሰደ ቡችላ ከኮምቦልቻ ጭነህ ወደዚያ ስትልክ ምን እንደምትልክ አታውቅም።

ከደሴ ሰኞ ገበያ፣ አንዲት እናት

«የሰባት ዓመት ልጄን የጎረቤት ቡችላ እጁን ነከሰው። ትንሽ ነው የደማው። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ አሰርኩበት። ቡችላ አይለክፍም፣ አትጨነቂ አሉኝ። የሰፈሩ ጎረምሶች ቡችላውን ካልገደልን እያሉ ነው።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ደውዬልሻለሁ። መጽሔቱ እስኪወጣ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። እዚህ የምጽፈው ለሌሎች ነው።

ቡችላም ይለክፋል። የሁለት ወር ቡችላም ቢሆን። የእብድ ውሻ በሽታ ዕድሜ አይመርጥም። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠባል። በሰዓት ተይዞ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ የቡና ዱቄት አይደረግበትም። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ነው። የደማ ንክሻ ከክትባቱ በተጨማሪ የመከላከያ ሴረም ያስፈልገዋል። ሐኪሙን ስለ ሁለቱም ጠይቂው። የክትባቱ ቀጠሮ አንድም ቀን እንዳያልፍ።

«ሳምንት አለፈው፣ ምንም አልሆነም» ብሎ መዘናጋት ልጅ ያስቀጥፋል። በሽታው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር አድፍጦ ይቆያል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት የተሰጠ ክትባት ያድናል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ክትባቱን መጀመሪያ የሰጠው እብድ ውሻ ለነከሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ድኖ አድጎ ሽማግሌ ሆኗል።

ቡችላውን አትግደሉት። የገደላችሁት እንደሆነ ታሞ ይሁን አይሁን የምናውቅበት መንገድ ይጠባል። ሰው በማይነካበት ቦታ ታስሮ ምግብና ውኃ እየተሰጠው አሥር ቀን ይጠበቅ። ሲነክስ በምራቁ በሽታው ኖሮ ከሆነ በእነዚህ ቀናት ይታመማል ወይም ይሞታል። የልጁ ክትባት ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፤ በዚያው ዕለት ይጀመራል። ቡችላው በአሥረኛው ቀን ደኅና ከሆነ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆመው ይችላል።

ለጎረምሶቹም አንድ ነገር ልበል። ሰፈሩን በዱላና በመርዝ ማጽዳት በሽታውን አያጠፋውም። የሞቱትን ቦታ ክትባት ያልወሰዱ ሌሎች ውሾች ይይዙታል። በሽታው የሚገታው ከመቶ ሰባው ውሻ ሲከተብ ነው። ሦስት ወር የሞላው ቡችላ ይከተብ፣ በየዓመቱም ይደገም። ውሻ ያላችሁ ተሰባስባችሁ የከተማውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ሃያ ውሻ በአንድ ጠዋት ይከተባል።

አብሽሪ እህቴ። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ደውለሽልኛል፤ ቡችላው እየበላ፣ እየተጫወተ ነበር።

ከደሴ አራዳ፣ አንድ አባት

«ለሱብሒ ሶላት ስወጣ የጎረቤቴ ሁለት ውሾች መንገድ ይዘጉብኛል። አንዳንዴ ልብሴን ይነኩኝና ተመልሼ እገባለሁ። ሰውየው ደግ ነው፤ በሐዘንም በደስታም አንለያይም። መጣላት አልፈልግም። ምን ልበለው?»

አባቴ፣ ደብዳቤዎ ልቤን ነካው። እርስዎ ከሚነግሩት እኔ ልንገረው።

ወንድሜ፣ ውሻህ ጠባቂ ከሆነ የሚጠብቀው አጥርህን ነው። መንገዱ የሁላችንም ነው። ማታ የምትለቃቸው ሌባ ፈርተህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ የሚወጣ አለ፣ ለኪዳን የሚሄድ አለ፣ ባጃጁን ለማስነሣት የሚወጣ ወጣት አለ። ግቢህ ውስጥ ልቀቃቸው፤ በሩን ግን ዝጋ። በእስልምና ውሻን ለጥበቃ፣ ለእረኝነትና ለአደን ማኖር ተፈቅዷል። ጎረቤትህም ውሻ አታሳድር አላለህም። የውሻ ምራቅ ልብሱን ሲነካው ግን ታጥቦ እንጂ እንዲሁ አይሰግድም። በደሴ ብርድ፣ በሌሊት፣ አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ እንዲታጠቡ አታድርግ።

እግረ መንገዴን ስለ አረፋና ስለ ገና። በግ ስናርድ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት እናገኛለን። «ይህ ለውሻ ነው» ብለን እንወረውራለን። እዚያ ውስጥ ያለው የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይም ይቀራል። ልጅ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይገባበታል። ከዚያ በሰው ጉበት ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ወይም አቃጥሉት። ውሻችሁም ፕራዚኳንተል የሚባለውን መድኃኒት ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይውሰድ።

ከሆጤ፣ የ16 ዓመት ተማሪ

«ውሻችን ቡቺ ዓመት ሊሞላው ነው። ወንድሜ ኃይለኛ እንዲሆን ጆሮውን ቆርጠን ጨለማ ቤት እንዝጋው ይላል። ደግሞ ሰሞኑን ደክሞታል። ድዱ ነጥቷል፣ ሽንቱም ቀላ ብሏል። ምግቡ የእኛው የተረፈ ወጥና እንጀራ ነው።»

የእኔ ልጅ፣ ከሽንቱ ልጀምር። ነገ ሳትዪ ቡቺን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጂው። የድድ መንጣትና የሽንት መቅላት የደሙ ቀይ ሕዋስ እየፈረሰ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ወጡ ነው። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቀይ ሽንኩርትም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ የበሰለውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ሲጀመርም በሽንኩርት ነው። ጥቂት በጥቂት በየቀኑ ሲበላው ይጠራቀምበታል። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ መዥገር ነው። እሱም በሚያመጣው የደም በሽታ ይህንኑ ምልክት ያሳያል። ጆሮው ሥርና በጣቶቹ መካከል ፈልጊ፤ ያገኘሽውን በጠርሙስ አድርገሽ ለሐኪሙ አሳዪው።

ከዛሬ ጀምሮ ወጥ አትስጪው። የእናንተ ምግብ ሳይሠራ፣ ሽንኩርቱ ሳይገባ፣ ለእሱ የሚሆን ሥጋ ወይም እንቁላል ለብቻ ቀቅዪለት። ከሩዝ ወይም ከደረቅ እንጀራ ጋር ቀላቅዪው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ስለሚሰነጠቅ አንጀቱን ይወጋዋል፤ እሱንም አትስጪው።

ወንድምሽን በእኔ ስም እንዲህ በዪው። ጆሮ የተቆረጠ ውሻ ሕመሙን እንጂ ጥበቃን አይማርም። ጨለማ ቤት የተዘጋ ውሻ ፈሪ ይሆናል፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ መጀመሪያ የሚነክሰው የቤቱን ልጅ ነው። ጥሩ ጠባቂ ማን ቤተሰብ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ለይቶ ያወቀ ውሻ ነው። ይህን የሚያውቀው ከእናንተ ጋር ሲውል ነው።

ሐኪሙ ምን እንዳለ ጻፊልኝ። መዥገር ካገኘሽም ስንት እንደሆነ ንገሪኝ።