ሜታምፌታሚን ካቆሙ በኋላ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሱስ ስለሚያስይዘው አነቃቂ ዕፅ ስለ ሜታምፌታሚን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አጣምሬና የጠያቂዎቹን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥቼ አምስቱን እነሆ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ለስምንት ዓመት ያህል ሲያጨስ ቆይቶ ካቆመ አራት ወሩ ነው። ሰውነቱ ተመልሷል፤ ሆኖም የነገርኩትን ወዲያው ይረሳል፣ የጀመረውንም ሳይጨርስ ወደ ሌላ ይዞራል። ቤተሰቡ «ልቡ አሁንም እዚያው ነው» ይላል። አእምሮው ተጎድቶ ቀርቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ተጎድቷል፤ «ቀርቷል» ለማለት ግን አራት ወር በጣም አጭር ጊዜ ነው። ሜታምፌታሚን በነርቭ ሴሎች ውስጥ የተከማቸው ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል በአንድ ጊዜ እንዲፈስ ያደርጋል፣ የፈሰሰውን መልሰው የሚሰበስቡትን ፕሮቲኖች ሥራም ያዛባል፤ ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የነርቮቹ ጫፎች ራሳቸው ይጎዳሉ። ዶፓሚን የደስታ ስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሐሳብን ሰብስቦ ለመያዝ፣ የተጀመረን ነገር ለመጨረስና የመጣን ፍላጎት ለመግታትም ያስፈልጋል። ለዚህም ነው በረጅም ጊዜ ተጠቃሚዎች ላይ ጎልቶ የሚታየው ጉድለት በቅርብ የሰሙትን በማስታወስ፣ በትኩረትና በማቀድ ላይ የሚሆነው። የንግግር ችሎታና ቀደም ብሎ የተገኘ ዕውቀት ብዙ ጊዜ ስለማይነካ፣ ሰውየው ሲያወሩት ጤነኛ ይመስላል፤ ሲልኩት ግን የተላከበትን ይረሳል። ቤተሰብ ይህን ንቀት ወይም ስንፍና አድርጎ መቁጠሩ፣ በእኔ እይታ፣ ከዕፁ ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ ጉዳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ የአንጎል ምስል ጥናት፣ ዕፁን ትተው ከ12 እስከ 17 ወራት በቆዩ ጥቂት ሰዎች ላይ ዶፓሚን ሰብሳቢዎቹ ፕሮቲኖች በጉልህ ጨምረው ተገኝተዋል፤ የማስታወስና የእንቅስቃሴ ፈተና ውጤታቸው ግን በዚያው ልክ አልተሻሻለም። ስለዚህ መሻሻልን በዓመት እንጂ በወር አይለኩት፤ አንዳንዱ ጉድለት ሳይመለስ ሊቀር እንደሚችልም ይወቁ። እስከዚያው «ባንክ ሂድ፣ ስትመለስ መድኃኒት ቤት ግባ፣ ለአክስትህም ደውል» ከማለት አንዱን ብቻ በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ ሲጨርስ ሁለተኛውን። ድባቴ፣ የእንቅልፍ ማነስና የአልኮል መጠጥም ትኩረትን ስለሚያውኩ ሐኪሙ እነዚህንም ይመርምር።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለቀናት ሳይተኛ ቆይቶ «ግድግዳው ውስጥ ካሜራ ቀብረውብኛል» እያለ ቀለሙን በቢላ ይፍቅ ነበር። ካቆመ ሳምንቱ ነው፤ ጥርጣሬው ግን አልለቀቀውም። አብዷል?

መልስ፦ ዕፁ የሚያስከትለው የአእምሮ መታወክ ነው፤ የሚያሳድዱኝ አሉ ማለትና የሌለ ድምፅ መስማት የተለመዱ ምልክቶቹ ናቸው። በአብዛኛው ሰው ላይ ካቆመ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። ከአንድ ወር በላይ ከዘለቀ ግን እንደ ስኪዞፍሬንያ ያለ ሌላ ሕመም መኖር አለመኖሩን የአእምሮ ሐኪም መመርመር አለበት፤ ምልክቱን የሚያስታግሱ መድኃኒቶችም አሉ፣ እነሱን ለመጀመር ወሩ እስኪሞላ መጠበቅ አያሻም። አንድ ጊዜ የታወከ ሰው በትንሽ መጠን፣ አንዳንዴም በእንቅልፍ እጦትና በጭንቀት ብቻ፣ ሊያገረሽበት ይችላል። ካሜራ እንደሌለ ለማስረዳት አይከራከሩት፣ አለ ብለውም አያጽኑለት፤ መፍራቱን እንደተረዱለት በዝግታ ይንገሩት። ስለታም ነገር ይዞ ከዛተ ግን ወጥተው አስቸኳይ እርዳታ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ጥርስን የሚያበላሸው ጭሱ ነው?

መልስ፦ ዋነኛው ምክንያት ጭሱ አይደለም፤ በመርፌ የሚወስዱትም ጥርሳቸው ይበላሻል። አፍ ይደርቃል፣ ጥርስ ይፋጫል፣ ጥማቱን ለማርካት ስኳር የበዛበት መጠጥ ይጠጣል፣ ለቀናትም ሳይቦረሽ ይከርማል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ ስፖርተኛ ነኝ፣ የምወስደውም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ልቤ ያሰጋኛል?

መልስ፦ አዎን። በደም ውስጥ ያለው የዕፁ መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ቅዳሜ ማታ የወሰዱት እሑድንም አብሮዎት ይውላል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የደም ግፊትዎ ከፍ ይላል፣ ልብዎ ይቸኩላል፣ የደም ሥሮችዎ ይጠባሉ። ሲደጋገም የልብ ጡንቻ ይደክማል፣ የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት ይጨምራል፤ በወጣትነት የሚመጣ የአንጎል ደም መፍሰስም የታወቀ መዘዙ ነው። ስፖርተኛነትዎ ከዚህ አይጠብቅዎትም፤ ዕፁ የሰውነትን ሙቀትም ስለሚጨምር እንዲያውም በላዩ ላይ ጠንክሮ መሥራት አደጋውን ያብሳል። ደረጃ ሲወጡ ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር እብጠት ካለ የልብ አልትራሳውንድ ይነሡ። የደከመ የልብ ጡንቻ፣ በላዩ ላይ ጠባሳ ሳይስፋፋ ዕፁ ከቆመ፣ ጉልህ መሻሻል ሊያሳይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ለልጄ «ለዚህ የሚሆን መድኃኒት የለም» አላት። እውነት ነው ወይስ ሊያሰናብተን ፈልጎ ነው?

መልስ፦ ሐኪሙ ስለ መድኃኒት የተናገረው እውነት ነው፤ ሕክምና የለም ብሎ ካሰናበታችሁ ግን ተሳስቷል። ለሄሮይን ሱስ ሜታዶን የተባለ መድኃኒት ቢኖርም ለሜታምፌታሚን ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነ ትልቅ ሙከራ ናልትሬክሶንና ቡፕሮፒዮን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች (የመጀመሪያው በመርፌ) አንድ ላይ ሲሰጡ ከዕፁ መራቅ የተሳካላቸው 13.6 በመቶ ነበሩ፤ መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ከተሰጣቸው ደግሞ 2.5 በመቶ። ልዩነቱ እውነተኛ ቢሆንም ብዙዎችን አልጠቀመም። ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው የሽንት ምርመራው ከዕፁ ነጻ በሆነ ቁጥር አነስተኛ ሽልማት የሚሰጥበት ሕክምና ነው። ለተሻለ ጠባይ ጉቦ እንደ መስጠት የሚያዩት ባለሙያዎች አሉ፤ ውጤቱ ግን ከእነሱ ጋር አይስማማም። ልጅዎ ስታቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብዝታ ትተኛለች፣ ትበላለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ድባቴ ከባድ ሊሆን ስለሚችል በእነዚያ ሳምንታት ብቻዋን አትተዉአት፤ ሞትን ካነሳችም ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይውሰዷት።