«በቢዝነስ ቪዛ ግቢ፣ እዚያ ይቀየራል»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች በአጭሩ ላስቀምጠው። ከስድስት ኪሎ በእንግሊዝኛ ተመርቀሻል። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት አስተምረሻል። ቴሌግራም ላይ «ቻይና፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ በወር 2,000 ዶላር፣ አይኤልትስ አያስፈልግም» የሚል ማስታወቂያ አይተሽ ደወልሽ (አይኤልትስ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው)። «ለፕሮሰስ» 90,000 ብር ተጠየቅሽ። እናትሽ እቁብ ወጥቶላቸዋል፣ ሊሰጡሽም ፈቅደዋል። «ጋሼ፣ ልክፈል ወይስ ልተወው?» ትያለሽ።

አትክፈይ። የእማማ እቁብ ባለበት ይቆይ።

የላክሽልኝን የደላላውን የድምፅ መልእክት ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ሰውየው ስለ ደመወዙ አውርቶ አይጠግብም። ስለ ቪዛው ግን ያለው አንዲት ነገር ናት፦ «በቢዝነስ ቪዛ ትገቢያለሽ፣ እዚያ ስትደርሺ ይቀየራል።» ጉዱ ያለው እዚህች ጋ ነው። ቻይና ለሥራ የሚገባው በዜድ ቪዛ ነው። በቢዝነስ ወይም በተማሪ ቪዛ ገብቶ ተቀጥሮ ማስተማር ሕገወጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሚሠራው የመግቢያና መውጫ ሕጋቸው፣ ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል። ነገሩ ከከበደ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል። ከአገር መባረርም አለ። ቀጣሪውም ይቀጣል። እሱ ግን ቅጣቱን ከፍሎ ሌላ አስተማሪ ይፈልጋል፤ አንቺ ነሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ቦሌ የምትወርጂው።

«ይቀየራል» የሚባለውም በዋዛ አይቀየርም። ቻይና ለእንግሊዝኛ አስተማሪ የሥራ ፈቃድ ስትሰጥ በመርህ ደረጃ የምትፈልገው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከሆነ አገሮች የመጣ ዜጋ ነው። ደቡብ ኮሪያም ኢ-2 የምትለውን የቋንቋ አስተማሪ ቪዛ የምትሰጠው በመሠረቱ ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። «ኔቲቭ ስፒከር» ሲሉሽ አፍሽን ሳይሆን ፓስፖርትሽን ነው የሚያዩት። ያበሳጫል፣ እኔንም ያበሳጨኛል። ተናደሽ ግን ቪዛ አታገኚም።

ስለዚህ ሥራ ስትፈልጊ ከደመወዝ አትጀምሪ። «በኢትዮጵያ ፓስፖርት እዚህ አገር የማስተማር ፈቃድ አገኛለሁ ወይ?» ብለሽ ጀምሪ። ይህን ከደላላ ሳይሆን ከኤምባሲው ወይም ከአገሩ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አጣሪ። እንዲህ ስታደርጊ ግማሹ ማስታወቂያ ራሱ ይወድቃል።

የሚተርፉትስ? ታይላንድና ቬትናም ዲግሪ ያለውን፣ እንግሊዝኛውን በፈተና ያስመሰከረን የሌላ አገር ዜጋም ይቀጥራሉ። ቅርባችን ደግሞ ሩዋንዳ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የትምህርት ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ አዙራለች። ሐርጌሳ ሄደው የሚያስተምሩ ልጆችም አውቃለሁ። ኢንስታግራም ላይ አያምርም ይሆናል። ግን ሁለት ዓመት የውጭ አገር ልምድ ሲቪሽ ላይ ያስገባልሻል፣ ለሚቀጥለው በርም ቁልፍ ነው።

«አይኤልትስ አያስፈልግም» የሚለው ነገር ደስ ብሎሻል መሰለኝ። እኔን አስጠረጠረኝ። ብሪቲሽ ካውንስል ሄደሽ ተፈተኚ። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ግን ሰነዶችሽን መሰብሰብ ስትጀምሪ እንጂ ዛሬ አትቸኩይ። ሰርተፍኬትን በተመለከተ፣ ኢንተርኔት ላይ በቅናሽ የሚሸጠው የ120 ሰዓት ቴፍል (የእንግሊዝኛ ማስተማር ሥልጠና) ብዙ ጊዜ ቪዲዮ አይቶ ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው። ከምንም ይሻላል። ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፍኬትም ቢያንስ 120 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ በአሰልጣኝ ዓይን ሥር ለእውነተኛ ተማሪዎች 6 ሰዓት ታስተምሪያለሽ። በኦንላይንም ይሰጣል። ውድ ነው። ዘጠና ሺውን የግድ ማውጣት ካለብሽ ለደላላ ከምትሰጪው እዚህ ላይ ብታውዪው እመርጣለሁ።

ኤጀንሲን በተመለከተ ባጭሩ፦ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጋችን መሠረት ኤጀንሲ ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም። ፈቃድ እንዳለው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን ጠይቂ። እኛ በጊዜያችን አራት ኪሎ ቁጭ ብለን ጋዜጣ ተከራይተን ነበር የሥራ ማስታወቂያ የምናነበው። ቢያንስ ማስታወቂያው አድራሻ ነበረው። ያንቺ ሰውዬ ቢሮው የት እንደሆነ እንኳ አልነገረሽም።

አሁን ወደ ውሉ። እኔ በወጣትነቴ ውጭ ሄጄ አስተምሬ ነበር። ውሌ ላይ «የአየር ትኬት በአሠሪው ይሸፈናል» ይላል። ተበድሬ ትኬት ቆርጬ ሄድኩ። ደርሼ ገንዘቡን ስጠይቅ፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ውሉን ገለጠና ታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈች መስመር በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየኝ፦ «ውሉ ሲጠናቀቅ።» ያን ዕዳ ዓመቱን ሙሉ ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ውል የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው።

አንቺም ሰዓቱን እዪ። «በሳምንት 25 ሰዓት» የሚለው ክፍል ውስጥ የምትቆሚበት ብቻ ነው ወይስ ሁሉ ነገር? 25 አስተምረሽ 15 ሰዓት ቢሮ ተቀመጪ ካሉሽ 40 ሆነ። ከዚያ ክረምቱን። አስር ወር ብቻ የሚከፍል ትምህርት ቤት 1,200 ዶላር ቢልሽ፣ በዓመት ሲካፈል በወር 1,000 ነው። ቤት ካልሰጡሽ ኪራይና የቤት ማስያዣ ቀንሺ። ምግብና ትራንስፖርት ቀንሺ። ለእማማ የምትልኪውንም አትርሺ። የቀረውን ነው አሁን እዚህ ከሚተርፍሽ ጋር የምታወዳድሪው። ፓስፖርትሽን «ለጥንቃቄ እንይዘዋለን» የሚል አንቀጽ ካየሽ ደግሞ ወረቀቱን እጠፊና ተነሺ።

እዚያ ሠርቶ የወጣ አስተማሪ ስልክ ጠይቂ። አሁን ያለውማ አለቃው አጠገቡ ሊሆን ይችላል። «የመጨረሻ ወር ደመወዝህን ሰጡህ?» በይው። ዝም ካለ መልስ ነው።

ሥራው እስኪገኝ ድረስ ዲግሪሽን ማስረጋገጥ ጀምሪ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ የሚመለከተው ኤምባሲ። ኤምባሲው አዲስ አበባ ከሌለ ሌላ ጣጣ አለው፣ ጊዜ ያዢለት።

ለሰውየው ደግሞ ዛሬ ማታ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «የትምህርት ቤቱን ስምና ከቻይና መንግሥት በስሜ የወጣውን የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያ ደብዳቤ ላክልኝ፣ ከዚያ ስለ ክፍያ እንነጋገራለን።» የሚመልስልሽን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።