ኢንቨርተሩ 2000 ዋት ይላል፤ ፕሪንተሩ ግን ያጠፋዋል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በባትሪና በሶላር ፕሪንተር ስለማሠራት ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምረናል። ኢንቨርተር የምንለው የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረውን ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፎቶኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ብዬ 2000 ዋት የሚል ኢንቨርተርና ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ ገዛሁ። ኮምፒውተሩንና አምፖሎቹን በደንብ ያሠራል። ሌዘር ፕሪንተሩን ሳስነሣ ግን ይጮህና ጥፍት ይላል። ፕሪንተሩ የሚፈጀው 400 ዋት ነው ተብሎ ተጽፏል። የቀረው 1600 ዋት የት ገባ?
ከደብረ ታቦር

መልስ፦ 400 ዋት የሚለው አማካዩ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ቶነሩን (ዱቄቱን ቀለም) አቅልጦ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ ፊውዘር የሚባል ክፍል አለ፤ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ማሞቂያው ሲበራ በትንንሾቹ ፕሪንተሮች ላይ እንኳ ከ800 እስከ 1000 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ሙቀቱ ሲሞላ ይጠፋል፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይበራል። መብራት እያለ ፕሪንተሩ ሲያትም የክፍሉ አምፖል ፈዘዝ ደመቅ ሲል አይተው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ኢንቨርተር ደግሞ አማካይ አያውቅም፤ የሚወድቀው በዚያች ቅጽበት በመጣበት ጭነት ነው።

ቢሆንም 1000 ከ2000 ያንሳል። ስለዚህ የምንጠረጥረው ሌላ ቦታ ነው። በርካሽ ኢንቨርተሮች ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ለአፍታ ብቻ የሚችሉት ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሸከሙት ብዙ ጊዜ የዚያን ግማሽ ነው። መመሪያው ላይ ሁለት ቁጥር ካገኙ ትንሹን ይመኑ።

ከዚያ ገመዱን ይዩ። ባትሪው መብራት እየሰጠ ፕሪንተር ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ በእኛ ግምት ዋናው ችግር እዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከ12 ቮልት ባትሪ 1000 ዋት ለማውጣት፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲጨመር፣ ከ90 አምፔር በላይ በገመዱ ማለፍ አለበት። ከኢንቨርተሩ ጋር የሚመጡት ቀይና ጥቁር ገመዶች ላስቲካቸው ወፍራም ይምሰል እንጂ ውስጣቸው ያለው መዳብ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ባትሪውና ኢንቨርተሩ በ1 ሜትር ተኩል ቢራራቁ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ በደርሶ መልስ 0.8 ቮልት ያህል ይበላል። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን 0.14 ቮልት ብቻ ነው። አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች 10.5 ቮልት አካባቢ ሲደርሱ ባትሪውን ለማዳን ራሳቸውን ያጠፋሉ። በጭነት ላይ 11.6 የደረሰ ባትሪ፣ 0.8 በገመዱ፣ ጥቂት ደግሞ በላላ ብሎን ከቀነሱለት ያው 10.5 ላይ ነው።

ሳይገምቱ ለማረጋገጥ መልቲሜትር ይያዙ። ፕሪንተሩ እየሞቀ ባለበት ጊዜ ቮልቴጁን በሁለት ቦታ ይለኩ፤ አንዴ ባትሪው ራስ ላይ፣ አንዴ ገመዱ ኢንቨርተሩ ውስጥ በሚገባበት ቦታ። ባትሪው ላይ 12 እያለ ኢንቨርተሩ ጋ 11 ከሆነ ገመዱ ወይም ማሠሪያው ነው። ሁለቱም ቦታ አብሮ ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ከመጀመሪያውም ለመኪና ማስነሻ የተሠራ ነው። ኢንቨርተሩ ጋ 12 ቮልት እየደረሰው ከጠፋ ደግሞ አቅሙ ያልነው ግማሽ ነው ማለት ነው። ሲጨርሱ ሁሉንም አጥፍተው የገመዱን ጫፎች በእጅ ይዳስሱ፤ ከሌላው የገመዱ ክፍል ይልቅ የሞቀው ጫፍ በደንብ አልጠበቀም።

ገመዱን ካስተካከሉ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ኢንቨርተሩ ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ (ሞገዱ ለስላሳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ የሆነ) ከሆነ ለሌዘር አይሁን። ፕሪንተሩ ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው የመብራቱ ሞገድ ዜሮ ላይ የሚያልፍበትን ቅጽበት እየጠበቀ ነው፤ ደረጃ ደረጃ የሆነው ሞገድ ይህን ያምታታበታል። ምልክቱ ከፕሪንተሩ ውስጥ የሚሰማ እርርር የሚል ድምፅ፣ ሲጸዳ የሚለቅ ያልተጣበቀ ቶነር፣ ወይም የፊውዘር ስሕተት መልእክት ነው፤ በኤችፒ ፕሪንተሮች ላይ በ50 የሚጀምረው ኮድ እሱ ነው። ለጊዜው ቢሠራም ፊውዘሩንና ፓወር ሰፕላዩን ይበላል።

አዲስ የሚገዙ ከሆነ ያለማቋረጥ 2000 ዋት የሚችል ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መስመር መብራት ለስላሳ ሞገድ ያለው) ይሁን፤ ባለ 24 ቮልት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ሁለት ባትሪ በተከታታይ ሲያያዝ ያው 1000 ዋት 46 አምፔር ብቻ ይሆናል፣ የገመድ ጣጣውም በግማሽ ይቀንሳል። ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ዓይነት፣ አንድ አቅምና አንድ ዕድሜ ይኑራቸው፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይሞታል። ገመዱ 35 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ፊውዙ 125 አምፔር ይሁን። ፊውዙ ከባትሪው ራስ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀመጥ፤ ኢንቨርተሩ ጋ የተቀመጠ ፊውዝ መሐል ላይ የተላጠ ገመድ እሳት እንዳያስነሣ አያግድም።

ጥያቄ፦ ሌዘር ፕሪንተር በዩፒኤስ አይሠራም ይባላል። እውነት ነው?
ከአዳማ

መልስ፦ ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ዕቃ ነው፤ ለኮምፒውተር በሚሸጡት ትንንሾቹ ላይ አይሠራም። 650 ቪኤ (ቮልት አምፔር) የሚለው ዩፒኤስ በዋት 400 እንኳ አይሞላም፤ በባትሪ ሲሆን የብዙዎቹ ሞገድም ከላይ ያልነው ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። ፕሪንተሩ ገና ሲሞቅ ዩፒኤሱ ይዘጋል፣ ኮምፒውተሩንም ይዞት ይጠፋል። ዩፒኤሱ ከባትሪ ያልተያያዘና ከኃይል መናጥ ብቻ የሚከላከል ሶኬት ካለው ፕሪንተሩን እዚያ ይሰኩት።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ከመብራት መስመር ሩቅ ነው። 250 ዋት የሆኑ 4 ሶላር ፓነሎች፣ በ24 ቮልት የተያያዙ 200 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪዎችና 3000 ዋት ኢንቨርተር አለን። ለ300 ተማሪዎች ባለ 4 ገጽ ፈተና ማባዛት እንፈልጋለን። ሌዘር ፕሪንተር ይሻላል ወይስ ሌላ?
ከደቡብ ኦሞ

መልስ፦ ኃይሉ ይበቃችኋል። ባትሪያችሁ ሲሞላ 4800 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ስለማይወርድ 2400 ያህሉ ለሥራ ነው። 1200 ገጽ በደቂቃ 20 በሚያወጣ ሌዘር 1 ሰዓት ይፈጃል፤ በ400 ዋት አማካይ፣ ብክነቱ ሲታከል፣ ወደ 460 ዋት ሰዓት። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ በጠነከረችበት ጊዜ ከሠራችሁ ባትሪውን እምብዛም አትነኩትም። እየቆራረጣችሁ አታትሙ፤ ፊውዘሩ በቀዘቀዘ ቁጥር እንደገና ለማሞቅ የሚወጣው ኃይል ለምንም የማይውል ነው።

የሚያሳስበን ቶነሩ ነው። የትንሽ ሌዘር ቶነር 1600 ገጽ ያትማል ሲባል ከገጹ 5 በመቶው ብቻ በቀለም እንደሚሸፈን ታስቦ ነው። ጥቅጥቅ ያለ የፈተና ገጽ ከዚያ ስለሚበልጥ አንድ ፈተና አንድ ቶነር ሊጨርስ ይችላል። እንዲህ ላለ ብዛት የተሠራው የሪሶ ዓይነት ማባዣ ማሽን ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ማስተር (ቅጂዎቹ የሚታተሙበት ቅርጽ) ይቀርጽና በደቂቃ 100 ያህል ቅጂ ያወጣል፤ ማሞቂያ ፊውዘር ስለሌለው የኃይል ንጥቂያውም ቀላል ነው። አራቱ ገጾች ከሩብ ሰዓት ብዙ አያልፉም። ከ30 ቅጂ በታች ከሆነ ግን ማስተሩን ማባከን ነው።

ማባዣው ከአቅም በላይ ከሆነ ቀለም በጠርሙስ የሚሞላው ኢንክጄት አለ፤ እንደ ኤፕሰን ኤል 3250 ያለው ሲያትም ወደ 12 ዋት ነው። በደቂቃ 10 ገጽ ቢያወጣ 1200 ገጹን በ2 ሰዓት ይጨርሳል፤ ኃይሉ ከ30 ዋት ሰዓት በታች። የወረቀት መያዣው 100 ገጽ ያህል ብቻ ስለሚይዝ አንድ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። የአንዳንዱ ቀለም ደግሞ ውኃ ሲነካው ይለቃል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያዩት ወጪ አለ። 3000 ዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ከ20 እስከ 30 ዋት ለራሱ ይበላል፤ 25 ብንል በ24 ሰዓት 600 ዋት ሰዓት ነው። ፈተናውን በሙሉ በሌዘር ከማተም ይበልጣል! ማታ አጥፉት። ለኢንክጄቱና ለላፕቶፑ ደግሞ ከ24 ቮልት የሚሠራ 300 ዋት ፒዩር ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር ለብቻ ብትገዙ ትልቁን ለከባድ ሥራ ብቻ ታበሩታላችሁ።

ጥያቄ፦ ቀለም የሚሞላው ፕሪንተሬ በየሳምንቱ መስመር መስመር ያወጣል። ባትሪ ለመቆጠብ ሥራ ስጨርስ ኢንቨርተሩን አጠፋለሁ። ይህ ይያያዛል?
ከጎንደር

መልስ፦ በሚገባ ይያያዛል። ፕሪንተሩ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ የሚረጨው ራስ ወደ ቀኝ ሄዶ ክዳኑ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ ቀለሙ አይደርቅም። ኃይሉ ከኢንቨርተሩ ድንገት ከተቋረጠ ራሱ ክፍት ላይ ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ በቁልፉ ያጥፉ፣ ድምፁ እስኪያቆም 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ ኢንቨርተሩን ይዝጉ። በየጊዜው የጽዳት ትእዛዝ መስጠት ቀለም ይጨርሳል፣ የተረፈውን ቀለም የሚመጠውንም ስፖንጅ ቶሎ ይሞላዋል። በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተም ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሌዘር ፕሪንተር ላከልኝ። በ500 ዋት ትራንስፎርመር ስሰካው ትራንስፎርመሩ ይግላል። በኢንቨርተር ባሠራውስ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ110 እስከ 127 ቮልት የሚል ከሆነ ማሞቂያው ለዚያ ብቻ የተሠራ ነው፤ በስሕተት 220 ላይ ከተሰካ ከ3 እጥፍ በላይ ኃይል ያልፍበትና ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ በብዙ ኢንክጄቶች ላይ ያገኛሉ፤ በሌዘር ላይ ግን ብዙም አይጠብቁ። የ500 ዋቱ ትራንስፎርመር የሚግለው አቅሙ ስላልበቃ ነው፤ ቢያንስ 1500 ዋት፣ ባለ ብረት እምብርትና ከባድ የሆነው ያስፈልጋል። ለመንገደኛ የሚሸጠው ቀላሉ መቀየሪያ ሞገዱን ስለሚቆርጠው አይሆንም። 120 ቮልት የሚያወጣ ኢንቨርተርም ይሠራል፤ ግን በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ቮልቴጅ አደጋ አለው። እኛ ብንሆን ሸጠን 220 የሆነ እንገዛለን።

ጥያቄ፦ ትራክ ነው የምነዳው። ቢኦኤል (የጭነት ሰነድ) እና ሬት ኮንፈርሜሽን (የጭነት ዋጋ ማረጋገጫ) ማተሚያ ካቢኑ ውስጥ እፈልጋለሁ። የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ኢንቨርተር ሌዘር ይሸከማል?
ከዳላስ

መልስ፦ አይሸከምም። የዚያ ሶኬት ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 አምፔር ነው፤ ከ200 ዋት ብዙ አይዘልም። ለቀን ጥቂት ገጽ ባትሪ ያለው ተንቀሳቃሽ ኢንክጄት ይግዙ። ኤፕሰን ዋርክፎርስ 110 ባትሪው ውስጡ ነው፣ በዩኤስቢም ይሞላል፤ ኢንቨርተር ጨርሶ አያስፈልግም። ካነን ቲአር 150 ላይ ባትሪው ለብቻ እንደሚገዛ ልብ ይበሉ። በክረምት ሌሊት ሞተር አጥፍተው ሲያድሩ ፕሪንተሩን በትራኩ ቀዝቃዛ የዕቃ ሳጥን ውስጥ አይተዉት፤ ቀለሙ ከቀዘቀዘ ጧት አይረጭም። ካቢኑ ሞቆ ጥቂት ከቆየ በኋላ ያብሩት።

ጥያቄ፦ በኢንቨርተር ሲሠራ የፕሪንተሩን ብረት ስነካ ይነዝረኛል። የዩኤስቢ መሰኪያውም አንዴ ተቃጥሏል።
ከሐዋሳ

መልስ፦ ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያያይዝ መስመር) የለዎትም። ፕሪንተሩ ውስጥ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ከብረቱ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ግራውንድ ሲጠፋ ብረቱ ወደ ግማሽ ቮልቴጅ፣ 110 አካባቢ ይንሳፈፋል። የሚያልፈው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ነዝሮ ይተዋል፤ ላፕቶፑ ሌላ ግራውንድ ላይ ከሆነ ግን ልዩነቱ በዩኤስቢ ገመዱ ያልፋል። የኢንቨርተሩን የግራውንድ ብሎን መሬት ከተቀበረ ዘንግ ጋር ቢያንስ በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ያያይዙ፣ ባለ ሦስት እግር ዲቫይደር ይጠቀሙ፣ ፕሪንተሩንና ኮምፒውተሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። ኢንቨርተሩ ከቤቱ መስመር ጋር የተያያዘ ከሆነ ሥራውን ለኤሌክትሪሻን ይተዉ። ዩኤስቢውንም ሁለቱም ዕቃዎች ጠፍተው ሳለ ይሰኩት።