ከአባቴ ጋር የምነጋገረው በእናቴ በኩል ነው

ጠያቂያችን የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ዲፕሎማት ሆና በዓለም መድረክ ለሴቶች መብት መሟገት ትፈልጋለች። አባቷ «ከአገር አገር ስትዞር መቼ ልታገባ፣ መቼ ልትወልድ ነው?» ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን ለእሷ ሳይሆን ለእናቷ ነው። እናት ማታ ልጃቸው ክፍል ይገባሉ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡና የተባለውን አለስልሰው ይነግሯታል። የእሷንም መልስ አለስልሰው ይመልሳሉ። «አባቴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። እናቴ ‹ልጅቷን ተዋት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው› ትለዋለች። እኔ ደግሞ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ስለ ሴቶች መብት አነባለሁ። ራሴን ጠላሁ። አስመሳይ ነኝ ወይ?» ስትል ጽፋልናለች።

እህቴ፣ አስመሳይ አይደለሽም። አስመሳይ ሰው እንዲህ አያመውም። ልጅ ሳለሽ አባትሽ ሲቆጡ ዝም ካልሽ ቤቱ እንደሚረጋጋ ተማርሽ። ያኔ ጠቅሞሻል። ሰውነትሽ ያንን እስካሁን አልረሳም። በተማሪዎች ፊት ያለ ችግር እየተናገርሽ አባትሽ ፊት ስትቆሚ ጉሮሮሽ የሚዘጋው ለዚህ ነው። በልምምድ የሚለቅ ነገር ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የእናትሽ ነገር ነው። ሙሬይ ቦወን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እንዲህ ያለውን ሁኔታ «ሦስት ማዕዘን» ይለዋል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት መነጋገር ሲከብዳቸው ሦስተኛ ሰው መሃል ያስገባሉ። ለሁለቱ ይቀልላቸዋል፣ መሃል ያለው ሰው ግን ጭንቀታቸውን ይሸከማል። በእናንተ ቤት የአባትሽንም ቁጣ፣ የአንቺንም ፍርሃት የሚሸከሙት እናትሽ ናቸው። ጥፋተኛ ነሽ እያልኩሽ አይደለም፤ ማንም አስቦ የጀመረው ነገር አይደለም። ማቆም ግን ትችያለሽ።

እስቲ አባትሽን እንይ። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። በእንግሊዝ ሴቶች ዲፕሎማት እንዲሆኑ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ያውም ስታገባ ሥራዋን ትለቃለች ተብሎ። ይህ ደንብ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። አባትሽ እንደሚፈሩት «ወይ ትዳር ወይ ሥራ» የሚል ሕግ በእርግጥ ነበረ ማለት ነው። አሁን የለም። ይህን ስትነግሪያቸው ግን ለመርታት አይሁን።

ስለ ቃል ምርጫም ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ሲረቀቅ፣ አንደኛው አንቀጽ «ወንዶች ሁሉ» ተብሎ ሊነበብ የሚችል ቃል ነበረው። ቃሉ ሴቱንም ይጨምራል ብለው የተከራከሩ ነበሩ። የህንዷ ተወካይ ሃንሳ መህታ አልተቀበሉም። ዛሬ አንቀጹ «የሰው ልጆች ሁሉ» የሚለው በእሳቸው ጽናት ነው። ልትገቢበት የምትመኚው ሥራ ይህን ይመስላል። አንድ ቃል ይዞ መቀመጥ፣ ሌላው ምን እንደሚሰማ እያሰቡ መናገር።

አባትሽ «የሴቶች መብት» ሲባል ምን የሚሰሙ ይመስልሻል? እኔ እንደሚመስለኝ «እናቴን በድለሃታል» የሚል ክስ ነው የሚሰሙት። ምናልባት ማለት የፈለግሽውም እሱን ይሆናል። እናትሽ ትምህርታቸውን አቋርጠው እንዳገቡ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጽፈሽልኛል። ቅሬታው ካለ ትክክለኛ ቅሬታ ነው፣ ራሱን ችሎ ይነገር። ከትምህርትሽ ጉዳይ ጋር ከተቀላቀለ ግን አባትሽ ራሳቸውን ሲከላከሉ ያንቺ ሕልም መሃል ላይ ይጠፋል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ለእናትሽ «ከዛሬ ጀምሮ መልእክት አታድርሽልኝ፣ ራሴ እነግረዋለሁ» በያቸው። ይደነግጡ ይሆናል። ከዚያ አባትሽን ቁጣ በሌለበት ቀን፣ ቢቻል አብራችሁ ስትራመዱ አናግሪያቸው። ጎን ለጎን ሲሆን ዓይን ለዓይን አትፋጠጡም፣ ለሁለታችሁም ይቀላል። የመጀመሪያው ቀን ለማሳመን አትሞክሪ። «አባዬ፣ በእኔ ጉዳይ በጣም የምትፈራው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂና አዳምጪ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም። በሌላ ቀን ስለ ሥራው ንገሪያቸው። ዲፕሎማሲ ኤምባሲ ብቻ አይደለም፣ ስምምነት ማርቀቅም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1979 የጸደቀውን በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን የማስወገድ ስምምነት አፈጻጸም የሚከታተሉ 23 ባለሙያዎች አሉ፣ አገሮች ሪፖርታቸውን ይዘው ይቀርቡላቸዋል። እንዲህ ያለ ተጨባጭ ነገር «ከአገር አገር መዞር» የሚለውን ሥዕል ይቀይረዋል።

አባትሽ እጃቸውን የሚያነሱ ወይም የሚያስፈራሩ ሰው ከሆኑ ግን ይህን ሁሉ ተዪው። ብቻሽን አትጋፈጪ። በመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲሽ ያለውን የምክር አገልግሎት ወይም የምታምኛቸውን ትልቅ ሰው አማክሪ፤ የእናትሽም ደህንነት አብሮ ይታሰብበት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማታ እናትሽ አልጋሽ ጫፍ ላይ ሲቀመጡ፣ የአባትሽን ሳይሆን የራሳቸውን ነገር ጠይቂያቸው። ያን ጊዜ ትምህርታቸውን ባያቋርጡ ኖሮ ምን መሆን ይፈልጉ ነበር? እሱን አልጻፍሽልኝም።