«ልፈትሽ» ሲሏችሁ፦ አሜሪካ ለምንኖር ጥያቄና መልስ

ስለ ፖሊስ ፍተሻ የላካችሁትን ጥያቄ ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። የምመልሰው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ይዤ ነው። የየስቴቱ ሕግ ከዚህ የተሻለ ሊጠብቃችሁ ይችላል፣ ከዚህ በታች ግን አይወርድም። ክስ የተከፈተበት ሰው ካለ እኔን ትቶ ጠበቃ ይያዝ።

ጥ፦ ፖሊስ ሲያንኳኳ በር አለመክፈት ያስጠይቃል?

መ፦ የዳኛ ማዘዣ ከሌላቸው አያስጠይቅም። አለን ካሉ በበሩ ሥር እንዲያስገቡት ጠይቁ። አድራሻው የእናንተ ነው? የሚፈልጉት ነገር ተጽፏል? ዳኛ ፈርሞበታል? ውስጥ ሰው እየተደበደበ ከሆነ ግን ማዘዣ አይጠብቁም። የእኛ ሰው ችግር ሌላ ነው። ሰው በር ላይ ማቆም ነውር ስለሚመስለን «ግቡ፣ ግቡ» እንላለን። እንዲያ ካላችሁ ፈቅዳችኋል፤ ማዘዣ አያስፈልጋቸውም።

ጥ፦ ባለቤቴ ቢፈቅድና እኔ እምቢ ብልስ?

መ፦ እዚያው ቆመሽ እምቢ ካልሽ ባንቺ ላይ አይሠራም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከጆርጂያ በመጣ የባልና ሚስት ጉዳይ በ2006 እንዲህ ወስኗል። ሥራ ሄደሽ እሱ ከፈቀደ ግን አለቀ።

ጥ፦ ኡበር እነዳለሁ። አስቁመው «ትራንኩን ክፈት» ቢሉኝስ?

መ፦ መንጃ ፈቃድህን ስጥ። ውረድ ካሉህም ውረድ። ትራንኩን ያለ ፈቃድህ ለመክፈት ግን በቂ ምክንያት ይፈልጋሉ። ምክንያቱ ካላቸው ደግሞ ለመኪና ማዘዣ አያስፈልግም፤ ከ1925 ጀምሮ ሕጉ ይኸው ነው። ፖሊሱ በፈገግታ «ባየው ቅር ይልሃል?» ካለህ ምናልባት ምክንያት የለውም። እጅህን መሪው ላይ አድርገህ «አይ ዶንት ኮንሰንት» (አልፈቅድም) በል።

ጥ፦ የመጠጥ መደብር አለችኝ። ተቆጣጣሪ ዝም ብሎ ጓዳ ይገባል?

መ፦ ደንበኛ የሚገባበትን ማንም ያያል። ጓዳው ሌላ ነው። አይዳሆ ውስጥ ባርሎ የሚባል የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሥራ ድርጅት ባለቤት የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪውን ማዘዣ የለህም ብሎ መለሰው። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእሱ ፈረደ። ያንቺ ግን መጠጥ ነው። መጠጥና የጦር መሣሪያ ጥብቅ ቁጥጥር ስላለባቸው በባርሎ ጥላ ሥር አይገቡም። የላይሰንስሽን ደንብ አንብቢ።

ጥ፦ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) አለኝ፣ ብቸኛ ባለቤቱ እኔ ነኝ። የሂሳብ መዝገብ አምጣ ብባል «ራሴን አልወነጅልም» ማለት እችላለሁ?

መ፦ ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኩባንያ እንደ ሰው ይከሳል፣ ይከሰሳል። የመናገር መብት አለው፤ ያለአግባብ ከመበርበርም ይጠበቃል። ዝም የማለት መብት ግን የለውም፣ ከ1906 ጀምሮ። በ1988 ብራስዌል የሚባል ሰው ድርጅቱ እኮ እኔው ነኝ ዓይነት ክርክር ይዞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበና በዳኞች ድምፅ አምስት ለአራት ተረታ። መዝገቡ የኩባንያው ነው፣ አንተ ያዥ ነህ፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ታቀርባለህ። አፍህ ግን ያንተ ነው። ስለ መዝገቡ ስትጠየቅ መልስህ አንተኑ የሚያስወነጅል ከሆነ ዝም ማለት ትችላለህ። የሚገርመው፣ ኩባንያ ሳታቋቁም በራስህ ስም ብትነግድ ኖሮ መዝገቡን ላለማቅረብ የተሻለ መከራከሪያ ይኖርህ ነበር። ቤትህን ከንግዱ ዕዳ ለማዳን ኤልኤልሲ ከፈትክ፤ ዋጋው ይሄ ነው።

ጥ፦ ያለ ማዘዣ ገብተው ዕቃ ቢያገኙስ?

መ፦ በ1957 ክሊቭላንድ ውስጥ ፖሊሶች ማፕ የምትባል ሴት ቤት ሰብረው ገቡ። ማዘዣ የት አለ ስትል አንድ ወረቀት አውለበለቡ። እሷ ሆዬ ነጥቃ ጡቷ ሥር ወሸቀችው! ታግለው ቀሟትና በካቴና አሰሯት። ችሎት ላይ ማዘዣ የሚባል ነገር አልቀረበም። በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ የተገኘ ማስረጃ በስቴት ፍርድ ቤቶችም እንዳይሠራ ወሰነ። ወረቀት አትንጠቁ እንጂ። አልፈቀድኩም በሉ፣ ሌላውን ጠበቃችሁ ይታገል።

ጥ፦ ስልኬንስ?

መ፦ ብትታሰርም ስልክህን ለመበርበር ማዘዣ ያስፈልጋቸዋል። በ2014 ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተውበታል። ከአዲስ አበባ ስትመለስ ኤርፖርት ላይ ግን የጉምሩክ ሰዎች ያለ ማዘዣ ያዩታል። ዜጋ ከሆንክ ኮዱን አልሰጥም በማለትህ አገር እንዳትገባ አይከለክሉህም። ስልኩን ግን ይዘው ሊያስቀሩት ይችላሉ።